ለአምስት ሰው የተመረጠ ልብስ

«አምስት ሰው ነን» ስትል ሰሟት። «አዎ፣ አምስት ብቻ። የለም፣ የሚጨመር ሰው የለም።»

እምዬ የቁርስ ብርጭቆ እያለቀለቁ ነበር። ቧንቧውን ዘጉትና ጆሯቸውን ወደ ኮሪደሩ ጣል አደረጉ፤ የልጅ ልጃቸው ግን ስልኩን ዘግታ መኝታ ቤት ገብታለች። እጃቸው ከነአረፋው አየር ላይ እንደቀረ ቆጠሩ። ልጃቸው አንድ፣ አማቻቸው ሁለት፣ ሦስቱ የልጅ ልጆች ሲጨመሩ አምስት። ትንሽ ቆይተው ከራሳቸው ጀምረው ቆጠሩ፤ ስድስት መጣ። በሦስተኛው ዙር ከትንሿ ጀምረው ወደ ላይ ወጡ፤ ያው ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት በዚህ ቤት ሲኖሩ የሰሃን ቁጥር ተሳስተው አያውቁም። ለስድስት ሰው ይቀርባል፣ የስድስት ሰው ይታጠባል። ለፎቶ ሲሆን አምስት። «ይሁና» አሉ ለብርጭቆው፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለም እንደገና ያጥቡት ጀመር።

ፎቶው የአለቃ ሐሳብ ነው። አለቃ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ ናት፤ ገና በአራት ዓመቷ አባቷን «ጫማህን እዚያ አታድርግ» ማለት ስትጀምር የወጣላት ስም ነው፣ እስካሁንም ከሥልጣኗ የሻራት የለም። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ በሚመጣው ሳምንት ትሄዳለች። ከመሄዷ በፊት ቤተሰቡ ስቱዲዮ ገብቶ፣ በደንብ ለብሶ፣ በትልቁ ይነሳና አንዱ ፎቶ ሳሎን ይሰቀላል፣ አንዱን ይዛ ትሄዳለች፤ ውሳኔው እንዲህ ነው። «በስልክ የተነሳ ነገር ፎቶ አይባልም» ብላለች፣ ቀኑን ሙሉ ስልኳን የማትለቅ ልጅ። እምዬ ያኔ ያሰቡት ስለ ፎቶው አልነበረም። ያቺ ልጅ ጋዝ ሳትዘጋ ትተኛለች፣ ፀጉሯን ሳታደርቅ ትወጣለች፣ ብቻዋን ስትሆን ዳቦ በሻይ እያለች ነው የምትኖረው። ማን ይነግራታል? ይህን እያወጡና እያወረዱ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ በዐይናቸው አልዞረም። አሁን ደግሞ እንቅልፍ ያጡላት ልጅ ከቁጥር አወጣቻቸው።

ማቀዝቀዣው በር ላይ ከስቱዲዮው የተላከ የልብስ መመሪያ ተለጥፏል፤ አለቃ በእጇ ገልብጣዋለች። እምዬ መነጽራቸውን አድርገው ለአራተኛ ጊዜ አነበቡት። ጥቁር አይለበስም። ድፍን ነጭ አይለበስም። ቀጭን መስመርና ትናንሽ ዳማ ያለበት ልብስ ፎቶ ላይ ስለሚርገበገብ ይቅር። ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ይቅር። ሁሉም ሰው ከአንድ የቀለም ቤተሰብ ይምረጥ፤ የአፈር፣ የቅጠል፣ የክሬም። እምዬ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ የተጻፈ ነገር ያከብራሉ፣ ይፈራሉም። ቀለም እንኳ ቤተሰብ አለው ብለው አሰቡና ወረቀቱን በእርጥብ ጣታቸው ነካ አድርገው ተመለሱ። «እኔስ?» ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። ግን «እኔስ?» ያለ ሰው «እንዴ፣ አንቺማ!» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ከልብ ይሁን ከይሉኝታ እስኪሞት ድረስ አያውቅም። ስለዚህ በሆዳቸው ያዙት።

ልጃቸው፣ የአለቃ እናት፣ ሥራ ገብታለች። በውሃ መሥሪያ ቤት የክፍያ መስኮት ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ተቀምጣለች፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት በዚያች የመስታወት ቀዳዳ በኩል ነው። ከሦስት ወር በፊት አንድ ጠዋት ግራ ፊቷ ወድቆ ነቃች፤ ዐይኗ አልከደን አለ፣ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ተሰበሰበ። ሐኪሙ «ነርቭ ነው፣ በጊዜ ይመለሳል» አላት፤ ጊዜ ስንት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ኃላፊዋ «እስኪሻልሽ» ብሎ ከመስኮቱ አንስቶ መዝገብ ቤት አስገባት፤ ደንበኛ እንዳይደነግጥ ነው አላለም፣ ማለትም አላስፈለገውም። ቤት ውስጥ ስለዚህ ነገር የሚያወራ የለም። የኮሪደሩ መስታወት አንድ ቀን ከቦታው ታጣ፤ ማን አነሳው ብሎ የጠየቀ የለም፣ ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። ሲያናግሯት ሁሉም ትከሻዋን ወይም በእጇ የያዘችውን ነገር ነው የሚያየው። እምዬም እንዲሁ።

ረፋዱ ላይ አለቃ ልብሶቹን ትልቁ አልጋ ላይ ደርድራ ለካውያ ጠራቻቸው። የአባቷ ቡናማ ጃኬት፣ ክርኑ ከመለበስ ብዛት የሚያብረቀርቅ። የወንድሟ የቀጮ ክሬም ሸሚዝ። የትንሿ የሚጡ ጉርድ፣ የደረቀ ሣር የሚመስል። የራሷ የአለቃ ሹራብ። ከጎኑ ደግሞ አዲስ ቀሚስ፤ የወይራ ቅጠል ቀለም፣ ሰፊ ኮሌታ ያለው፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ገና አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ። እምዬ ዋጋውን አዩና የሰው ገመና እንዳየ ሁሉ ቶሎ ገለበጡት። የልጄ ነው አሉ። አምስት ሰው፣ አምስት ልብስ፤ አሁን የሚያጠራጥር ነገር አልቀረም። ካውያውን ሰኩትና ከጃኬቱ ጀመሩ። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ እየወጣ ስለነበር ዐይናቸው ለምን እንዳቀረረ ለማንም ማስረዳት አላስፈለጋቸውም።

ቀጮ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሸሚዙን ሲያይ ፊቱን ጣለ። «እምዬ፣ ይሄ እኮ አስተናጋጅ ያስመስለኛል።»

«አስተናጋጅ ብትሆንማ የበላህበትን ሰሃን ታነሳ ነበር።»

«ኳስ የምጫወትበትን ማሊያ ብለብስስ?»

«ለአለቃ ንገራት፤ ለእኔ ምን አገባኝ» አሉት። ድምፃቸው እሳቸው ካሰቡት በላይ መረረ። ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና ሸሚዙን ይዞ ወጣ። እምዬ ወዲያው ቆጫቸው። ከኋላው ጠርተው ኮሌታውን ሊያስተካክሉለት ፈልገው ነበር፤ ግን አፋቸው እንቢ አለ።

ትንሽ ቆይታ አለቃ የወይራውን ቀሚስ በክንዷ ጥላ መጣች። «እምዬ፣ እስቲ ይሄን ልበሺልኝ።»

«እኔ?»

«ጫፉ ማጠር አለበት። እማዬ ሥራ ናት፤ ቁመታችሁ ደግሞ አንድ ነው። ልብስ ሰፊው ከምሳ በፊት አምጡት ብሏል።» ይህን ስትል ዐይኗ ስልኳ ላይ ነበር፤ ስልኩ ግን ጠፍቶ ነበር።

የልብስ ሰፊው ቤት ከሁለት ሱቆች መሐል የተጣበቀች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። ወለሉ ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ተዘርግቷል፤ ግድግዳው ላይ ያላለቁ ሱሪዎች እግራቸውን አንጠልጥለው ይጠብቃሉ። እምዬን በርጩማ ላይ አወጣቸውና አፉን መርፌ ሞልቶ ዙሪያቸውን በጉልበቱ ዞረ። መስታወቱ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ነው። ባላቸው ከሞቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት፣ ከል ካወረዱ በኋላም ከጥቁር አልወጡም፤ ከመስታወቱ ውስጥ አረንጓዴ የለበሰች ሴት ስታያቸው አንገታቸውን ደፉ። ደክሟቸዋል። ለሌላ ሰው ልብስ እንደ ሱቅ አሻንጉሊት መቆም፣ ይሄ ደግሞ አዲስ ሥራ ነው።

«ለማን ነው ቀሚሱ?» አለ ልብስ ሰፊው በመርፌዎቹ መሐል።

«ለልጄ።»

«ታዲያ ወገቡን በእርስዎ ልክ ላድርገው?»

«ልጄ ከእኔ ትቀጥናለች፤ በተለይ አሁን በጣም…»

«በእምዬ ልክ ይሁን» አለች አለቃ ከደጅ ሆና።

«ልጄ፣ ይሰፋታል እኮ ነው የምልሽ።»

«በእምዬ ልክ ይሁን አልኩ!»

ልብስ ሰፊው ትከሻውን ነቀነቀ። «ባይሆን ልጅዎን ይቀሟትና ይልበሱት፤ አምሮብዎታል» ብሎ ሳቀ። እምዬ አልሳቁም። ይህቺ ልጅ ያን የሚያህል ዋጋ ያለው ቀሚስ በግትርነት ልታበላሽ ነው፤ እናቷ ፎቶው ላይ ጆንያ ለብሳ ልትታይ ነው። ሄዳ ብቻዋን ስትኖርም እንዲሁ የሰው ምክር ሳትሰማ፣ ጋዙንም እንዲሁ… ሐሳቡን ሳይጨርሱት ተዉት። በመንገድ ላይ አለቃ ክንዳቸውን ልትይዝ ፈለገች፤ እምዬ ቦርሳቸውን ወደዚያ እጃቸው አዛወሩ።

አማቻቸው ለምሳ ሲመጣ እጁን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠበ። መካኒክ ነው፤ የሞተር ዘይቱ ከጥፍሩ ሥር አይወጣም፣ ለፎቶው ሲል ግን በጥርስ ብሩሽ ሲፈትገው ቆየ። እምዬ ፎጣ ሲያቀብሉት ነገሩን በዘዴ ሊይዙት ሞከሩ።

«ለመሆኑ የስቱዲዮው ካሜራ ስንት ሰው ይይዛል?»

«እማማ ደግሞ! አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይይዛል እኮ» አለ እየሳቀ፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ሳቁን ዋጠው። «ማለቴ… እሱን አለቃ ነች የምታውቀው» ብሎ የመታጠቢያ ቤቱን በር ዘጋ፤ ውሃውንም ያለ ምክንያት ለቀቀው። እምዬ በሩ ፊት ቆመው ቀሩ። እሱም ያውቃል ማለት ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ካልሲውን ያጣጠፉለት ሰው ያውቃል፣ ዐይናቸውን ማየት አቃተው።

ከምሳ በኋላ ከሚጡ ጋር ወደሚተኙበት ክፍል ገቡና ሻንጣቸውን ከአልጋው ሥር ጎተቱ። ምናልባት፣ ብለው ነው። ምናልባት በመጨረሻዋ ደቂቃ «ኧረ እምዬም ትግባ» ቢባል ሰው ፊት እንዳይሳቀቁ። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ሌላ ጥቁር። አንድ ደማቅ ሰማያዊ፤ ሰማያዊ ከቤተሰቡ ውስጥ የለም። አንድ የሚወዱት ቀሚስ፣ ትናንሽ ዳማ ያለበት፤ ይርገበገባል ተብሏል። ከታች አንድ ቡናማ ሹራብ አገኙ፣ ከላይኛው ቁልፍ በስተቀር ደህና ነው። ለበሱት። ደረታቸው ቁልፍ አጥቶ ክፍት ሆኖ ሲያዩት አወለቁት። እንደገና ለበሱት። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ማንም ሳይጠራቸው ለመጠራት ሲዘጋጁ ራሳቸውን አዩና ሹራቡን አጥፈው መለሱት፤ ጥቁሩን ቀሚስ ለበሱና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሚጡ ጉርዷን ለብሳ መጥታ ጭናቸው ላይ ተንጠለጠለች። «እምዬ፣ ለምን ጥቁር? ወረቀቱን አላነበብሽም?» አለች። ማንበብ የጀመረችው ዘንድሮ ነው።

«እኔ ቤት ጠባቂ ነኝ» አሉ ሳሎን ወጥተው፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ። «እናንተ ሂዱ።»

«ምን ቤት ጠባቂ? ቤቱ እኮ ቁልፍ አለው» አለች አለቃ። «ደግሞ ሚጡን ማን ይይዛል?»

እንግዲህ ለዚህ ነው የሚፈለጉት። «እሺ» አሉ።

ልጃቸው አስፈቅዳ በዘጠኝ ሰዓት መጣች፤ ሻሿን ወደ ግራ ጉንጯ ሳብ አድርጋ፣ ግራጫ የቢሮ ሹራቧን እንደለበሰች። የተተኮሰውን ቀሚስ አነሳች፣ ስፌቱን በጣቷ ዳበሰች፣ «ጥሩ ሰፍቶታል» አለችና አጥፋ ከረጢት ውስጥ ከተተችው። ለምን እዚህ አትለብሺውም ሲሏት «ታክሲ ውስጥ ይጨማደዳል» አለች። እምዬ ወገቡ እንደሚሰፋት ሊነግሯት አስበው ትከሻዋን አዩና ተዉት። ይበቃል። ዛሬ የሰውም የልብስም ጭንቀት በቅቷቸዋል።

ስቱዲዮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለም። እምዬ በየወለሉ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ሲያርፉ ሚጡ ከላይ ሆና ደረጃ ትቆጥርላቸዋለች። ክፍሉ ውስጥ ከጣሪያ እስከ ወለል የተዘረጋ ግራጫ ወረቀት፣ ጃንጥላ የመሰሉ ሁለት ትልልቅ መብራቶች፣ መሐል ላይ አንድ ወንበር፣ ጥግ ላይ መጋረጃ ያለው መልበሻ አለ። ፎቶ አንሺዋ ወጣት ናት፣ ፀጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። ሁሉንም በዐይኗ ለክታ «ወንበሩ ላይ የምትቀመጠው ማናት?» አለች።

ልጃቸው ከከረጢቱ ቀሚሱን አውጥታ ለእናቷ ዘረጋች። «እማ፣ ግቢና ልበሺው።»

«ይሄ ያንቺ እኮ ነው።»

«ያንቺ ነው። ጠዋት በልክሽ ተሰፋ።»

«አንቺስ?»

«እኔ አልነሳም። አምስት ትበቃላችሁ።»

አማቻቸው የጃኬቱን ቁልፍ ማየት ጀመረ። አለቃ፣ ሥልጣኗ ሁሉ ውሃ ሆኖ፣ «ከደረስን በኋላ ንገሯት ያለችው እማዬ ናት» አለች። «ቀድመሽ ከሰማሽ ከቤት አትወጪም ብላ ነው። ለብቻዬ ወስዳ ያስማለችኝ እሷ ናት።»

እምዬ ቀሚሱን ይዘው መልበሻው ውስጥ ገቡ፣ መጋረጃውን ሳቡ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነው። ተቆጥረው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሲያኝኩት የዋሉት ሬት ባንዴ ከአፋቸው ጠፋ፤ ለቅጽበት ያህል በርጩማው ላይ እንደ ልጅ ቀለል አላቸው። ከዚያ በመጋረጃው ስንጥቅ ልጃቸውን አዩ። ጀርባዋን ለካሜራው ሰጥታ የቀጮን ኮሌታ ታስተካክላለች፣ የሌሎችን ክር ትለቅማለች፣ እንደ ስቱዲዮው ሠራተኛ። ደስ ያላቸው በማን ምትክ እንደሆነ ሲገባቸው ፊታቸው በእፍረት ጋለ። አልለበሱም። ቀሚሱ ጭናቸው ላይ እንዳለ ቀሩ።

ልጃቸው ዚፑን ልትዘጋላቸው መጋረጃውን ገልጣ ገባች፤ ለሁለት ሰው የማትበቃ ቦታ ናት፣ ጉልበታቸው ተነካካ።

«ገና ነሽ? ሰው እየጠበቀ እኮ ነው እማ።»

«ጠዋት አምስት ስትል ሰማኋት» አሉ እምዬ በሹክሹክታ። «የቀረሁት እኔ መስሎኝ ዋልኩ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ሸሚዛችሁን ስተኩስ፣ ቀሚስ ስለካ። ሁላችሁንም በሆዴ ስረግማችሁ ዋልኩ። ሚጡን እንኳ አልተውኩም።»

«አንቺን እናስቀር? ለምን አትጠይቂም?»

«አንቺስ ለምን አትነግሪኝም?»

የልጃቸው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እምዬ ለቅሶ መስሏቸው ደነገጡ፣ ሳቅ ነበር፤ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚሄድ፣ ሌላው ጎን የማይከተለው ሳቅ። ሳቁ ሲያልቅ ግድግዳውን ተደገፈች። «ሳሎን ተሰቅዬ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ይሄን ማየት አልፈልግም እማ። እዚያ ልጅቷ ቤትም እንግዳ በመጣ ቁጥር እናትሽ ምን ሆና ነው እንዲሏት አልፈልግም።»

«እንግዳውን ተይው። ልጅቷ ብቻዋን ሆና ፎቶውን ስታይ አንቺን ነው የምትፈልገው። እኔን ብታገኝ ምን ታደርገኛለች?»

«ቁመታችን አንድ ነው ተብሏል» አለች ልጃቸው፣ በምሬት።

«ቁመታችን ብቻ።» እምዬ ቀሚሱን ደረቷ ላይ ዘረጉት። «እኔ ይሄን አልለብስም። ጎትተሽ ካለበስሽኝ እጮሃለሁ፤ እንደምጮህ ታውቂያለሽ።»

«ደክሞኛል እማ። እውነቴን ነው፣ ደክሞኛል።»

«ይድከምሽ። ተቀምጠሽ ነው የምትነሺው።»

ቀሚሱ እንደተፈራው ወገቧ ላይ ሰፋ። ፎቶ አንሺዋ ምንም ሳትጠይቅ አራት የልብስ መቆንጠጫ አምጥታ ጀርባውን ሰብስባ ያዘችው። «ከፊት አይታይም። እዚህ የሚነሳ ሰው ሁሉ ከኋላው እንዲህ ነው» አለች። የእምዬ ጥቁር ቀሚስ ላይ ደግሞ ልጃቸው ያወለቀችው ግራጫ የቢሮ ሹራብ ተደረበ፤ ግራጫ ከተፈቀደውም ከተከለከለውም ውስጥ አልነበረም። አለቃ ዐይኗ ቀልቶ፣ የሹራቡን ቁልፍ ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈችላቸው፤ እምዬም በዚህ ጊዜ እጇን አልሸሹም።

ልጃቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ባሏ በቀኟ፣ አለቃና ቀጮ ከኋላዋ፣ ሚጡ ጉልበቷ ሥር፣ እምዬ በግራዋ በኩል ቆሙ። መብራቱ ሲበራ ግራ እጇ በራሱ ተነስቶ ጉንጯን ሸፈነ። ፎቶ አንሺዋ ካሜራውን ዝቅ አድርጋ ጠበቀች። ልጃቸው ሳትዞር፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ያህል፣ ለእናቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀች።

«እማ፣ በጣም ያስታውቃል?»

በሦስት ወር ውስጥ ይህን ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። «ኧረ ምንም፣ ዛሬማ ደህና ነሽ» የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። እምዬ ጎንበስ አሉ፣ እጇን ከጉንጯ ላይ ቀስ አድርገው አነሱና አዩዋት፤ ትከሻዋን ሳይሆን፣ የያዘችውን ሳይሆን፣ ፊቷን። አልከደን ያለችውን ዐይን፣ የተሳበችውን የከንፈር ጫፍ፣ ምንም ያልሆነውን ቀኝ ጉንጭ አንድ በአንድ አዩ።

«ያስታውቃል» አሏት።

ልጃቸው ለረጅም ጊዜ ይዛው የቆየችውን ትንፋሽ ለቀቀች። «እሺ» አለችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።